ለከርሞ ይሆንሃል

ክንዴን አዲስ ኮት ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር ገበሩ እንደ ጠዋት ውሃ ይቀዘቅዘኛል። ባለፈው ሰሞን፣ ጥምቀት ባለፈ ማግሥት፣ ፒያሳ አንድ ቡቲክ ገብቼ እንዲሁ ቀዘቀዘኝ። በሩ ላይ «ሱቁ ሊዘጋ ስለሆነ ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ይህ ሱቅ ሊዘጋ ሲነሳ ልጄ ፊደል እየቆጠረች ነበር፤ ዛሬ ተመርቃለች፣ እሱ አሁንም እየዘጋ ነው።

«ኦሪጅናል ብራንድ ነው ጋሼ፣ የቱርክ ነው» አለችኝ ሻጯ ልጅ። እነዚህ ቱርኮች የጎንደርን ወንድ ሁሉ ሲያለብሱ የራሳቸው ልጆች ምን ለብሰው እንደሚውሉ እንጃ። መጋረጃውን ስቤ፣ አንድ ሰውና ግማሽ ትንፋሽ በምትይዘው መለኪያ ክፍል ውስጥ ቆምኩ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ እናቴም ከነትዝታዋ መጣች።

እናቴ ማርካ አታውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ማርካው የኮት እጅጌ ላይ ተሰፍቶ ይመጣል፤ የሚፈታው ደፋር ግን አልነበረም። ያንን ከፈታህ ኮቱ አዲስ ለመሆኑ ማን ይመሰክርልሃል? እኛ ጎረምሶች ጥምቀት ቀን ምንም ሳይበላን እጃችንን ከፍ አድርገን ጭንቅላታችንን ስናክ እንውል ነበር። ያየን ሰው ከተማው በቅማል አለቀ ቢል አይፈረድበትም። እናቴ ግን እጅጌውን ዞር ብላም አታይም። ልብሱን ትገለብጠውና ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ በጣቷ ትለካለች። ልጅ ሲያድግ የሚለቀቅ እጥፋት ከሌለው፣ ወርቅ ቢሆን አትገዛም።

የገበያ ቀኗም የብቻዋ ነበር። ሰው ሁሉ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ ከበዓሉ በፊት ይረባረባል። እሷ «ምነው ይበጣጠሳል? ለከርሞ ጥምቀት አይሆንም?» ትላለች። ታቦቱ ገብቶ የእግራችን አቧራ ሳይራገፍ እጄን ይዛ ቅዳሜ ገበያ ትወርዳለች። እዚያ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ልብስ የሚሸጥ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ነጋዴ ነበረ። ከበዓል በፊት እንደ ራስ ዳሸን ሽቅብ የወጣው ዋጋው በማግሥቱ ጣና ዳር ጎርጎራ ድረስ ይወርዳል። ለእናቴ ግን ጎርጎራም ከፍታ ነበር።

«እቴ፣ ዛሬም ቆዳዬን ልትገፊኝ መጣሽ?» ይላታል።

«ቆዳህ ለኮት አይሆንም አያ፣ ይቅርብህ።»

«ወላሂ የነገርኩሽ የመጣበትን ነው!»

«እንግዲያው በመጣበት ይመለስ!» ትልና እየጎተተችኝ ትወጣለች። ቦዩን ሳንሻገር «ነይ፣ እሺ ነይ!» ይላል። ሁለቱም እንደሚጠራት ያውቃሉ። እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ ነበረው ክርክራቸው፤ አንዱ ሲል ሌላው ይቀበላል።

ከዚያ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ኮት ታስለካኛለች፣ ጠቅልላም ሳጥን ውስጥ ትከታለች። «ለከርሞ ይሆንሃል።»

ችግሩ እኔ በቃሌ የማልገኝ ልጅ መሆኔ ነበር። እሷ በምታስበው ልክ አላድግም። አንድ ጥምቀት ኮቱ እጆቼን ውጦ፣ ትከሻው እስከ ክርኔ ወርዶ፣ ወደ ባሕረ ጥምቀት ስሄድ የጎረቤታችን ልጅ አየችኝ። ለሷ ብዬ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን በቅባት አስተኝቼ ነበር። ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝና ለጓደኞቿ፣ «ኮቱ ብቻውን ነው የመጣው ወይስ ውስጡ ሰው አለበት?» አለች። ሳቃቸው እስከ ማክሰኝት ሳይሰማ አልቀረም።

ዓመቱን ሙሉ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ሰነበተ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ጥምቀት እንኳ ልኬን ለብሼ እሷ ፊት መቆም።

ጥምቀት ሲቃረብ ደፈርኩና፣ «እማ፣ ዘንድሮ ለዘንድሮ ግዢልኝ» አልኳት። «የዘንድሮውንማ አምና ገዛንልህ» እንድትለኝ እየጠበቅሁ ነበር። ሁሌም መልሷ ያ ነው። እሷ ግን ትክ ብላ አየችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ወገቧን ደግፋ ነበር የምትነሳው፤ ሲጠይቋት «ብርድ ነው» ትላለች። «እሺ» አለችኝ፤ ሳጥን ውስጥ የነበረውን ትልቁን ኮት ለጎረቤት ሸጠችና ነጠላዋን አነሳች። እኔ ከደስታ ብዛት ነጋዴው ዘንድ ለመድረስ ክንፍ ብቻ ነበር የጎደለኝ። እሷ መንገድ ላይ ድንጋይ እየፈለገች ትቀመጥ ነበር።

ሱቁ በገበያተኛ ጢም ብሏል። ነጋዴው ሲያያት ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። «እቴ! ሳልሰማ በዓሉ አለፈ እንዴ?»

«ለዚህ ልጅ ልኩን ስጠኝ አያ።»

«ልኩን?»

«ዛሬ የሚሆነውን።»

አወረደልኝ። ገበሩ ቀዘቀዘኝ፣ ትከሻው ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ፣ ማርካውም አብረቀረቀ። እናቴ ጫፉን አልገለበጠችም። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግራት የመቀነቷን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። እሱ ጠበቃት።

«እቴ፣ ምነው? ተከራከሪኝ እንጂ።»

«ዛሬስ ደከመኝ።»

ሰውዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ አኖረና ራሱ ዋጋውን ቀነሰ። እሷ ቋጠሮዋን መፍታቷን ስትቀጥል ደግሞ ቀነሰ። «በመጣበት ይመለስ ካልሽማ እንዲህ ይሁን» ብሎ እሷ ያላለችውን ለራሱ እየመለሰ ለሦስተኛ ጊዜ ቀነሰ። ገበያተኛው «ይህ ሰው አበደ!» ብሎ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔ መስታወት ፊት ነበርኩ። ስንወጣ «ለከርሞ» የምትለዋን ቃል አላለችም።

ያ ጥምቀት የኔ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ በእልልታው መሀል አጠገቤ መጣች፣ እጅጌዬን በአንድ ጣት ነካችና «ሸጋ ነው፤ ዘንድሮ ሰው አለበት» አለችኝ። ዘወር ስል እናቴ ከሾላው ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። ጥላው ፊቷ ላይ ይንቀሳቀሳል። እጄን ከፍ አድርጌ ማርካዬን አሳየኋት። ሳቀች።

በማግሥቱ ለብሼ ጠበቅኋት። «እማ፣ ገበያ አንወርድም?»

«ኮት አለህ አይደል የኔ ጌታ?» አለች፣ ከተኛችበት ሳትነሳ።

ፋሲካን አላየችም።

እኔም ያንጊዜ ማደግ አማረኝ። ትልቅ ሲገዛልኝ የቆመው ቁመቴ፣ ልክ የሆነ ኮት ሲያገኝ እንደ ሸንበቆ ተመዘዘ። በሚቀጥለው ጥምቀት ያ ኮት እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ሳጥኑን ከፈትኩት፤ የሚጠብቀኝ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሆነዎት?» አለች ሻጯ ከመጋረጃው ውጭ።

ወጣሁ። «ውይ፣ በልክዎ የተሰፋ ነው የሚመስለው!» አለች። መስታወቱም ያንኑ አለ። ኮቱን አወለቅሁ፣ ጫፉን ገልብጬ እጥፋቱን በጣቴ ለካሁ፣ መለስኩላትም።

«አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አምጪልኝ።»

«ይሰፋዎታል እኮ!»

«ለከርሞ ነው።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ከዚህ በኋላ ሊያድጉ ነው?» ብላ እየሳቀች ትልቁን አወረደች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። «አይለኩትም?» ስትለኝ አያስፈልግም አልኳት። ጠቅልላ ሰጠችኝ።