የሲዶኒ ክርስቲያን

ሲዶኒ ደክሟታል። ከሃምሳ ስምንት ዓመቷ አርባውን ወንድሟን ስታለብስ፣ ስታጎርስ፣ ስታጥብ ነው የኖረችው። ቴዎዱል ቁመቱ ከወገቧ ብዙም አይበልጥ፣ አይሰማ፣ አይናገር፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው እንቅርት የራሱን ያህል ይከብዳል። የእሷም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ በጥቁር ሻሽ ሸፍናው ነው የምትሄደው። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበቷ ከዳት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

በዚያ በቫሌ ሸለቆ፣ ከስዊስ ተራሮች ሥር፣ ዱሮ እንዲህ ያለ ልጅ ያልተወለደበት ቤት ጥቂት ነበር። «ክሬቲን» ይሏቸዋል፤ በሸለቆው አነጋገር ክርስቲያን ማለት ነው። ምስኪን ነው፣ ግን ክርስትና ተነስቷል፣ እንደኛው ሰው ነው እንጂ ከብት አይደለም ለማለት። እናታቸው ይህን ቃል ስትናገር ድምጿ ይለሰልስ ነበር። «የቤታችንን ኃጢአት እሱ ተሸክሞልናል፣ እሱን የነካ እግዜርን ነካ» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ አሜን ይል ነበር።

ያ ቀረ። ቃሉ ተራራውን ወርዶ ስድብ ሆነ። ከዓለም ጦርነቱ ወዲህ ቦይ ሊቆፍሩ ከቆላ የመጡት ሠራተኞች፣ ዶማ ከእጁ ያመለጠውን ጓደኛቸውን «አንተ ክሬቲን!» ይሉታል። መምህሩም ማባዛት የጠፋበትን ልጅ እንዲሁ። እንቅርት የሚከላከል አዮዲን ያለበት አዲስ ጨው ይዞ የመጣው ወጣት ሐኪም ደግሞ፣ ፈረንሳዩም ጣልያኑም ጀርመኑም፣ ከዚያም አልፎ ሩሲያው፣ በዚሁ ቃል እንደሚሰዳደብ እየሳቀ አጫወታት። ሲዶኒ አልሳቀችም።

«ይህን ጨው የበላች እናት ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ አትወልድም» አላት ሐኪሙ።

ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል። ግን ደግሞ አርባ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ጨው ለእሷ ምን ሊረባ! እነቴዎዱል አልቀው ስድቡ ብቻ ሊቀር ነው።

በዚያ ሰሞን የመንደሩ ሹም ፕላሲድ ቤቷ መጣ። አብሮ አደጓ ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም።

«ሲዶኒዬ፣ ታች ሜዳው ላይ መነኮሳይት የሚያስተዳድሩት ቤት አለ። ለቴዎዱል አልጋ ተገኝቶለታል። ፈርሚና እስቲ ትንሽ ዕረፊ።»

«ጰራቅሊጦስ ይለፍ» አለችው። «የዘንድሮ ዳቦውን ይቀበልና እፈርማለሁ።»

በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የጥምቀት ውሃ የነካው የመንደሩ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ ጥቁር ዳቦና ቁራሽ አይብ በእጁ ይቀበላል። የታቀፈ ሕፃን እንኳ ድርሻ አለው። ዘንድሮ የሚያድለው ሲፕሪየን የሚባል ጎረምሳ ነው፤ ለሥራው አዲስ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። የሲዶኒን ሰጣትና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

«የቴዎዱልስ?» አለች፣ የወንድሟን እጅ እንደያዘች።

«እሱንማ ሰርዘነዋል፣ እትዬ። ሊሄድ አይደል እንዴ?» አንገቱን አከከ። «ደግሞ ዳቦ ለክሬቲን ምን ያደርግለታል? ጥርስ እንኳ የለው!»

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ሲዶኒ ጮኸች። አርባ ዓመት ሙሉ ጩኸቷን የሰማ ሰው አልነበረም።

«ጥርስ ነው እንዴ ዳቦ የሚያሰጠው? አያትህ ስንት ጥርስ አላት? አሁን አልሰጠሃትም? አንተም እሱም የተጠመቃችሁት በአንድ ገንዳ ነው! ክርስቲያን ነው ብለን ስም ብናወጣለት እናንተ አቆሸሻችሁት። ስጠው! በእጁ ስጠው!»

ሲፕሪየን እስከ ጆሮው ቀላ። ጎንበስ ብሎ ዳቦውን ለቴዎዱል በሁለት እጁ አስያዘው። ቴዎዱል አሸተተው፣ አሸተተውና ፈገግ አለ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለቻት የሲፕሪየን አያት ሲዶኒን። «ወንድምሽን አሳልፈሽ እንዳትሰጪው! የመንደሩ በረከት ነው፣ እንዴት ለባዳ ይሰጣል!»

ሲዶኒ ዘወር ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እንግዲያው በረከቱን እንካፈላ፣ እማማ። ፍየሉን በየቤቱ ተራ አይደል የምንጠብቀው? ምድጃውንስ በተራ አይደል የምናነደው? እሱንም በተራ እንያዘው። በሳምንት አንዲት ቀን ብተኛ ይበቃኛል፣ እሱን ለማንም አልሰጥም። እህ፣ ማን ይጀምር?»

አንዱ በጫማው መሬት ይቆፍራል፣ አንዷ የልጇን ቆብ ታስተካክላለች። አሮጊቷ «እኔማ ይህ ወገቤ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሲፕሪየን የስም ዝርዝሩ ላይ አቀረቀረ። ሲዶኒ ጠበቀች። ዕድል ልትሰጣቸው ፈልጋ ብዙ ጠበቀች።

«እሱ ክርስቲያን ነው» አለች በመጨረሻ፣ አሁን በቀስታ። «እኔም ደክሞኛል።»

የወንድሟን እጅ ይዛ ፕላሲድ ቤት ሄደች። ፕላሲድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አነበበላት፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር። ዓይነት በሚለው ላይ ሐኪሙ «ክሬቲን» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ፕላሲድ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«ወንድሜ መሆኑስ የት ላይ ነው?»

«እሱን ቅጹ አይጠይቅም፣ ሲዶኒዬ። ቦታም የለው።»

«ዳሩ ላይ ጻፈው።»

ፕላሲድ አያት። ወረቀቱን አዙሮ በጠባቡ ዳር ላይ በደቃቅ ፊደል ጻፈው። ሲዶኒ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፣ ደግማም ቆጠረቻቸው። ከዚያ ብዕሩን ተቀብላው ፈረመች።