ጋሼ ሜትር ለውሻቸው የሰፉት ካፖርት

ሰፈራችን ውስጥ ልብስ ሰፊውን በስማቸው የሚጠራ የለም፤ «ጋሼ ሜትር» ነው የሚባሉት። ሜትር ሳያወጡ፣ ገና በር ላይ ሆነው አይተው የደንበኛውን ወገብ ልክ ስለሚናገሩ ነው። ሱቃቸው ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አርባ ዓመት የሰው ልብስ ሰፍተዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከአንድ ውሻ በቀር ማንም አልነበራቸውም።

ውሻ ስላችሁ ሌባ የሚያባርር እንዳይመስላችሁ። ዘር ማንዘሩ ሜዳ ላይ ጥንቸል ሲያሯሩጥ የኖረ፣ አሽትቶ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ የሚያድን ነው። ቅልጥሙ ረጅም፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ። ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ሰው ከተቆጣ ይደነግጣል፤ ስብ ስለሌለው ትንሽ ንፋስ ያንቀጠቅጠዋል። የሚሮጥ ነገር ካየ ግን አለቀ፣ ቢጠሩት አይሰማም። ስለዚህ ያለ ገመድ አያወጡትም። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእንስሳት ሐኪሙ «ጤናው ይሄው ነው፣ እንዳያወፍሩት» ብሏቸዋል።

ይህን ለሰፈር ሰው ማን ያስረዳ? «እሳቸው እየበሉ ውሻውን ጦሙን ያሳድሩታል» ተባለ። አንድ ቀን ለእንስሳት ጥበቃ ቢሮ ተደወለና ተቆጣጣሪ መጣ። ጋሼ የሐኪሙን ቃል ቢነግሩት ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

«አባባ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥጋ ካላወጣ እንወስደዋለን።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። ምግብ ቢጨምሩለት ውሻው እያሸተተ ይተወዋል። ቢጨንቃቸው የሚያውቁትን አደረጉ፤ ጥጥ የተጠቀጠቀ ካፖርት ሰፉለት። አይ እጅ! ውሻው ደልደል ያለ መሰለ። ተቆጣጣሪው ገልጦ እንዳያይ ደግሞ ቁልፍ ትተው ሆዱ ሥር በድርብ ክር ጠቀሙት።

ተቆጣጣሪው ይመጣል በተባለው ሳምንት ጠዋቱ ብርድ፣ ቀትሩ እሳት ነበር። ድንገት ቢመጣብኝስ ብለው ካፖርቱን አላወለቁለትም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይዘውት ወጡ። ድመት አቋረጠች። ገመዱ ከእጃቸው አፈተለከ።

ጩኸታቸውን ሰምቼ ስደርስ ውሻው አጥሩ ሥር ተዘርግቶ ያለከልካል፤ ምላሱ ጠቁሯል። ጋሼ ተንበርክከው ክሩን በጥርሳቸው ይታገላሉ።

«መቀስ! ልጄ፣ መቀስ አምጪልኝ!»

ሮጬ አመጣሁ። ካፖርቱን ቀደን ውሃ አፈሰስንበት፤ አልሆነም። ደረቱ ሁለቴ ተነሣና ቀረ። ጋሼ የገዛ እጃቸውን እየረገሙ ከድንጋይ ጋር አላተሙት።

አሁንም ሱቁን ይከፍታሉ፤ የስፌት መኪናዋን ግን አይነኳትም። የሰው ሱሪ ተከምሮ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። ትናንት ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ብርጭቆውን ተቀብለው አስቀመጡና፣

«እኔ የምልሽ ልጄ፣ ያን ጊዜ ለቢሮው የደወለው ማን ይሆን? ክፉ ሰው አይመስለኝም። አዝኖለት ነው የሚሆነው» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኳቸው።

የደወልኩት እኔ ነኝ።