የዝንብ መልክና መገኛ

ቢቸና የታሰርኩበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ቀጥሎ ዝንቡ። ለምን እንደታሰሩ ያልተነገራቸው አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ከጥግ ሆነው፣ «ግባ ልጄ፣ ቦታ አለ። ከነዚህ ጋር ብቻ ተስማማ» አሉኝ።

የእስር ቤት ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች ከአይጥ ወይም ከሸረሪት ጋር ይወዳጃሉ። እኔ ዝንብን አልወደድኩትም። ከንፈሬ ላይ ያርፋል፤ አባርረዋለሁ፤ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝ። «ሞጣ ስትሄድ የሚያሳድርህን ሰው መልኩንና የሚገኝበትን ቦታ ጻፍ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለህ።»

ሞጣ የሚያሳድረኝ አንድ ሙስሊም የልብስ ነጋዴ ነው፤ የአራት ልጆች አባት። ጥፋቱ እራት ማብላቱ ነበር። ከጻፍኩ በማግስቱ አጠገቤ ይቀመጣል።

መምህሩ ወረቀቱን አዩ። «ምን ልትጽፍ ነው?»

«ስለ ዝንብ፣ የኔታ።»

ጠጋ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲያው በትክክል ጻፍ። ክንፉ አራት ነው።»

«ሁለት ነው።»

«ንብ ሳነብ ያረጀሁ ሰው ነኝ! አራት።»

«ይሄ ንብ አይደለም፣ የኔታ።»

«አንተ መጽሐፍ ታምናለህ፤ እኔ ዓይኔን።»

አንዱን በላስቲክ ብርጭቆ ከደኑት። ተንበርክከው ብዙ አዩት። «ሁለት» አሉ ቅር ብሏቸው። «ያየነውን ብቻ ጻፍ።»

ጻፍኩ። «መልኩ ግራጫ፤ ጀርባው ላይ አራት ጥቁር መስመር፤ ዓይኑ ቀላ ያለ፤ ክንፉ ሁለት። የሚገኘው ቢቸና፣ ሞጣ፣ ሰው ባለበት ሁሉ። ሳይጠሩት ይገባል፤ ከማንም ሳህን ይቀምሳል።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

መርማሪው አንብቦ ቀና አለ። «ትቀልድብኛለህ?»

«አንድም ውሸት የለበትም።»

ጥፊው ግራ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ ዝንብ እንደገና ጻፍኩት፤ በዚህኛው ላይ እግሩ ስድስት መሆኑን ጨመርኩ።

ያ ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም። ባለፈው ወር ሞጣ ነጋዴው ቤት አደርኩ። ስለ ወረቀቱ ነግሬው አላውቅም፤ ውለታ የቆጠርኩ እንዳይመስለው። ቁርስ ሲቀርብ ግን ወንበሩን ከግራዬ አንስቶ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ በቀኜ በኩል መጥቶ ተቀመጠ።