የታረሰው ድርቆሽ

መጋቢት ላይ የእናቴ ላም ወደቀች። መኖ አልቆ ነበር። አጎቴና እኔ ሆዷ ሥር አጣና አግብተን፣ እናቴ ጅራቷን ይዛ፣ በየማለዳው አነሳናት። ቆማ ስትንቀጠቀጥ አጎቴ "ተመስገን" ይላል። የሚያናድደኝ ይህ ምስጋና ነበር። ላም በየዓመቱ ወድቃ በሰው ትከሻ ስትነሳ ምኑ ይመሰገናል?

ሰኔ ሲገባ ከእናቴ ማሳ የታችኛውን ቁራሽ ለድርቆሽ አደርገዋለሁ አልኩ። ማሳውን እኩል የሚያርስላት አጎቴ ነው፤ ከምርቱ ግማሹን ይወስዳል። ሳቀብኝ።

"ሣር እግዜር የሚዘራው ነው። አንተን ማን ጠራህ?"

"እግዜር የዘራውን የመንደሩ ከብት ይጨርሰዋል። የእኔን አጥረዋለሁ።"

"እንግዲያ እሱ እስኪደርስ ከምትጽፈው ግጥም ቆርሰህ ስጣት። ላሟ ታመንዥከው።"

ድንጋዩን ለቅሜ አወጣሁ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩ፣ ክረምቱን ሙሉ ከብት ስከላከል ከረምኩ። ሰርዶው ተነሣ፤ በመሃሉ ማገጥ በቀለ፣ ላም እያየች የምትጮህለት ሣር። እኛ አገር ሣር የሚታጨደው እህል ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ እንደ ሽቦ ደርቋል፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። እኔ ግን ገና ሲያብብ ላጭደው ቆርጬ ነበር። መስከረም ላይ ማገጡ ሲያብብ ማጭድ ልገዛ ሰቆጣ ወጣሁ፤ መኪና አምልጦኝ እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ከጉብታው ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ሣሬ መሃል ጥማድ በሬ ቆሟል። ግማሹ ማሳ አፈር ሆኗል። በሬዎቹ በየእርምጃው ጎንበስ ብለው አፋቸውን ይሞላሉ፣ አጎቴ በጅራፍ ይላቸዋል፣ እነሱ እያኘኩ ይሄዳሉ። ሣሩ ለምን እንደበቀለ የገባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሮጬ ወረድኩ። "ምን እያደረጉ ነው?" አልኩ።

"ጓያ ልዘራ ነው። መሬት ሊለኩ ከቀበሌ ይመጣሉ ተብሏል፣ አልሰማህም? ጥማድ ያልዞረበት መሬት ባለቤት የለውም። ይነጠቃል።"

"መሬቱ ነው ያሳሰበዎት፣ ወይስ ግማሽዎ?"

ጅራፉ አየር ላይ ቀረ። መልስ የመጣው ከድንበሩ በኩል ነው። እናቴ ናት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

"እኔ ነኝ እረስ ያልኩት። መሬቱ ከሄደ ሣርህን ምን ላይ ታበቅለዋለህ?"

አጎቴን ልሰድበው እችል ነበር። እሷን ምን ልበላት? አባቴ ከሞተ ጀምሮ መሬቷን የምታየው እንደተበደረችው ዕቃ ነው፤ ዛሬ ነገ መልሺ ይሉኛል እያለች። አዲሱን ማጭድ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ጥርሱ ረገፈ።

በመጨረሻ "ከቀረው ላይ ዙሪያውን ብቻ ይረሱ፣ መሃሉን ይተዉልኝ" አልኩ። አጎቴ በሬዎቹን አዞረ። ለአላፊ አግዳሚ የታረሰ እንዲመስል በሣሩ ዙሪያ ፈር አወጣ። እኔም ጥርሱ በረገፈው ማጭድ የተረፈኝን አጨድኩ፣ ፀሐይ ላይ እያገላበጥኩ አደረቅኩ፣ ከመርኩ። ሽታው ደስ ይል ነበር፤ ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

ሊለካ የመጣ ሰው አልነበረም። ዝናቡም ቶሎ ቆመና ጓያው ከዘሩ ብዙም አልበለጠም።

ድርቆሹ ላሟን እስከ የካቲት መጨረሻ አደረሳት። አጥንቷ ሳይቆጠር፣ ጠጉሯ እያበራ፣ ጥጃ አርግዛ። ከዚያ አለቀ። ሚያዝያ ላይ ወደቀች። ካለፈው ዓመት ዘግይታ ነው የወደቀችው፤ የዘገየችው ግማሽ ማሳ ያህል ነው። የቀረው ግማሽ ቢኖር ዝናቡን በእግሯ ቆማ ትቀበለው ነበር።

አጣናውን አመጣሁ። አጎቴ ሳይጠራ መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ።

"ቀስ በል" አለኝ፤ "እርጉዝ ናት።"

ይህን ለእኔ ይነግረኛል! ቀና ብዬ ወደ ታችኛው ማሳ አየሁ። ጓያው በታጨደበት ግማሽ ላይ የመንደሩ ከብት ገብቶ ባዶ አፈር ይልሳል።

"አንሳ እንጂ!" አለ አጎቴ።

አነሳሁ።