ሉብና የሄደችበት መንገድ

ክረምቱ ወጥቶ ወንዞቹ ሲጎድሉ ሙባረክ ሱብሂ ይሰግድና ውሻውን አስከትሎ ከሚኖርባት ከግራና ከተማ በስተምሥራቅ ወዳለው በረሃ ይወርዳል። በሌላው ጊዜ ከማሳው አይርቅም። በበጋ በረሃው ይፋጃል፤ በክረምት ደግሞ ደራሽ ውሃ ድንገት መጥቶ ሰው ይወስዳል። በመስከረም ግን ያ ጠጠርና እሾህ ብቻ የነበረ ምድር ሣር ያበቅላል፤ ግራሩ ያቆጠቁጣል፤ ጅግራ ጫጩቶቿን ይዛ መንገድ ታቋርጣለች። ሚስቱ ሉብና ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር በእግሯ የወጣችውም በዚሁ በረሃ፣ በዚሁ ወቅት ነበር።

ውሻው የእሷ ነው። ማማ ላይ ወጥታ ማሽላ ስትጠብቅ ከሥሯ ተኝቶ ያደገ ነው። ዝንጀሮ ሲመጣ እሷ በወንጭፍ፣ እሱ በጩኸት ያባርሩ ነበር። ብቻዋን ስትሆን ለራሷ የምትለውን ቃል ስም አድርጋ አወጣችለት፤ አይዞን አለችው። ሙባረክ መጀመሪያ አልወደደውም። የሶላት ልብሱን እንዳይነካበት በዱላ ያርቀው ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ በሬዎቻቸው አለቁ። ቀጥሎ የበልጉ ዝናብ ቀረ። አንድ ቀን ሉብና፣

«እኔ ልሂድ፤ ለሴት የቤት ሥራ አይጠፋም ይላሉ» አለችው።

«እኔ እያለሁ?»

«አንተን ድንበር ላይ ይዘው ይመልሱሃል። እኔ ግን ሰው ቤት ገብቼ እሠራለሁ።»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እሷ አሸነፈች። ከመንገደኞች ጋር ስትወጣ ሙባረክ እስከ ወንዙ ማዶ ሸኝቷት ተመለሰ። አይዞን ግን አልተመለሰም፤ ተከትሏት ሄደ። ከቀናት በኋላ አጥንቱ ወጥቶ፣ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ብቻውን መጣ። ሙባረክ ውሃ አሙቆ፣ ጨው ጨምሮ እግሩን አጠበለት። ከዚያ ወዲህ በዱላ አላራቀውም። አንዳንዴ ሰው እንደሚጠይቅ፣ «እስከ የት ደረስክ? እያለቀሰች ነበር?» ይለዋል።

ሉብና ጅዳ ደርሳ ሥራ ያዘች። አርብ አርብ ትደውላለች። እሱ ስለ ማሳው፣ እሷ ስለ ጤናዋ ይነጋገራሉ፤ ስለ መንገዱ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ሙባረክ ግን ልቡ ከመንገዱ አልወጣም። መስከረም በጠባ ቁጥር ውሻው ፊት ፊት እየሄደ፣ እሱ እየተከተለ፣ አንድ ትልቅ ግራር ድረስ ይወርዳሉ። እዚያ ይቀመጡና ወደ ምሥራቅ ያያሉ።

«ምን ጠፋብህ እዚያ?» ይለዋል ጎረቤቱ ቶፊቅ።

«ምንም አልጠፋብኝ። ዝም ብዬ ነው የማየው።»

ዘንድሮ አንድ ጠዋት ግራሩ ጋ ሳይደርሱ አይዞን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይጮህ ጀመር። ሙባረክ እባብ መስሎት ድንጋይ አነሳ። ጠጋ ቢል አንዲት ወጣት ጥላው ሥር ተኝታለች። እግሮቿ አብጠው ጫማዋን አውልቃለች። ሰው መሆኑን ስታይ፣

«አባቴ፣ ውሃ ይዘዋል?» አለችው።

የያዘውን አጠጣት። ቤተልሔም ትባላለች፤ የውርጌሳ ከተማ ልጅ ናት። መራመድ ሲያቅታት መንገዱን ይመራቸው የነበረው ደላላ «ተመልሰን እንወስድሻለን» ብሎ ሌሎቹን ይዞ ሄዷል።

«አይመለሱም፤ ተነሽ ወደ ቤትሽ» አላት ሙባረክ።

«ምን ይዤ ነው የምመለሰው? ትንሽ ካረፍኩ እደርስባቸዋለሁ።»

ቢለምናትም እንቢ አለች። እሱም ጉብታው ላይ ወጣና ኔትወርክ ሲያገኝ ለሉብና ደወለ። ቀኑ አርብ አልነበረም። ሉብና ስልኩን ያነሳችው ደንግጣ ነው፤ አሠሪዎቿ እንዳይነቁም በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ምን ሆንክ? ማን ታመመ?»

የሆነውን ነገራት። «ለልጅቷ ስጣት» አለችው። ወርዶ ስልኩን ሊሰጣት ሲል መስመሩ ይቆራረጥ ጀመር። ስለዚህ ልጅቷን ደግፎ ጉብታው ላይ አወጣትና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለች ሉብና። «ከእኔ ጋር የወጣች አንዲት የመርሳ ከተማ ልጅ ነበረች። ውሃ ሲያልቅብን ተቀመጠች። እንደ አንቺ፣ ትንሽ ልረፍ ነው ያለችው። ጎተትኳት፣ አቅም አጣሁ። ትቻት ሄድኩ። እስከ ዛሬ ስተኛ ትጠራኛለች። ይህን ባሌ እንኳ አያውቅም፤ አሁን አብሮሽ ይስማ። ተመለሽ።»

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሙባረክም ፊቱን ወደ በረሃው አዞረ። ያ ሲያየው የኖረው አረንጓዴ ምድር ሌላ ሆነበት። ብዙም ሳይቆይ ቤተልሔም፣ «እሺ፣ ይያዙኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። እያረፉ ግራና ገቡ፤ ከዚያም በመርሳ በኩል ወደ ውርጌሳ አሳፈራት። በማግሥቱ እሑድ አባቷ አቶ ወልዴ ማር ይዘው መጡ። ምርቃት ጀምረው ሳይጨርሱት የሙባረክን ሁለት እጆች ጨብጠው ቆሙ።

አርብ ሉብና ደወለች።

«ልጅቷ ገባች?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ገባች።» ቀጥሎም፣ «ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?» አላት።

«ብነግርህ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ሙባረክ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። እሷ ራሷ፣ «በረሃው ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከጉብታው ላይ በቪዲዮ ደወለላት። ገና ሲጀምር፣ «ፊትህን አይደለም፣ መሬቱን አሳየኝ» አለችው። ሣሩን አሳያት፣ ቢጫውን አበባ፣ የውሻውን ጀርባ፣ ማዶ የሚያልፉትን ግመሎች አሳያት። ቀስ እያለ ዙሪያውን እንዲያዞርላት ጠየቀችው።

«እንዲህ የሚያምር መሆኑን ያን ጊዜ አላየሁም» አለች በመጨረሻ።

«ነይና አብረን እናየዋለን።»

«ኢንሻአላህ፣ ለከርሞ መስከረም።»

አምናም እንዲሁ ብላው ነበር። መኖሪያ ፈቃድ የላትም፤ እንዳሻት መውጣት እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ። ሙባረክ ግን፣ «ኢንሻአላህ» ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ወዲህ አሠሪዎቿ ሳይነሱ ጠዋት ጠዋት መነጋገር ጀመሩ። በጥቅምት መጨረሻ ሣሩ ወይቦ አፈሩ ሲታይ ሉብና፣ «ይህን አታሳየኝ፤ ድምፅህን ብቻ ልስማ» አለችው። በሌሎቹ ዓመታት ይህን ጊዜ ወደ በረሃው መውረዱን ያቆም ነበር። ዘንድሮ ግን ኅዳር ገብቶም ወረደ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ ትናንት ሰፈር ውስጥ ማን ልጁን እንደ ዳረ፣ የማን ላም እንደ ወለደች እያወራላት በደረቁ ሣር ውስጥ ይሄዳል።