የዶክትሬት ቦታ ፍለጋ፣ ከማዳበሪያ መጋዘን

መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚገባው ብርድ ግን ለሦስት መስኮት ይበቃል። የዶክትሬት ቦታ ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁት ቦታ ይህ ሆነ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እኩዮቼ ከዘራ ሲያማርጡ እኔ ፕሮፌሰር አማርጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለኝ አማካሪ የሚሆነኝ ፕሮፌሰር ካገኘሁ ነው። አንዱ፣ «ሰኞ ጠዋት ይምጡና ጥያቄዎን ያስረዱኝ» አለኝ። ጥያቄዬ የስማዳ ወጣቶች እርሻ ትተው ወዴት እንደሚሄዱ ነበር። ተዘጋጅቼ ልቅረብ ብዬ እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ወረድሁና፣ ተኩስ ባልበረደበት ጊዜ፣ ያገኘሁትን ገበሬ ሁሉ «ልጅዎ የት ሄደ?» እላለሁ። ዕድሜ ልኩን ካርታ ያስተማረ ሰው የቆመበትን ሳያውቅ! ተመልሼ ከሚኒባስ ስወርድ የጸጥታ ሰዎች «ስለላ ነው» ብለው ያዙኝና መጋዘኑ ውስጥ ዘጉብኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ቄስና አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ነገሬን ሰሙ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ዶክተርነቱ ለመቼ ነው?» አለ ነጋዴው።

«ለፍታቱ ከሆነ አይድከሙ» አሉ ቄሱ። «እኛ የምንጠራው የክርስትና ስም ብቻ ነው።»

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ጥያቄውን ሌላ ሰው ነው የሰጠኝ ብለው ይፈርሙ። ዛሬ ይወጣሉ፤ ለሰኞም ይደርሳሉ።»

ወንበሩ አጓጓኝ፤ አልተቀመጥሁም።

«ጥያቄው የራሴ ነው።»

«አባት፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው።»

«ያለኝም አንድ ጥያቄ ነው። እሱን ለሰው ሰጥቼ ፕሮፌሰሩ ፊት ምን ይዤ ልቅረብ?»

ወንበሩን መልሶ ገፋው። ጀግና መስዬ ወጣሁ፤ ክፍሉ ስደርስ ግን «ብፈርም ምን ነበረበት!» እያልሁ ጎረቤቶቼን አሰለቸሁ።

ሰኞ ጠዋት ከመጠጫው ውሃ በእፍኜ ቀንሼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ኮቴን ቆለፍሁ። ነጋዴው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ፕሮፌሰር ሆነ። ቄሱ ልጅ ሊጠይቁ እንደሄዱ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ሥር ቆሙ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለ ነጋዴው።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም። ይህን ሰው ለዶክትሬት ይቀበሉልን። ጠባዩ መልካም ነው፤ ጥፋቱ ማንኮራፋቱ ብቻ ነው።»

«እስቲ ይናገር።»

ተናገርሁ። ከወገዳ ገበያ የሰማሁትንም ጨመርሁ። ስጨርስ ከነጋዴው ቀልድ ጠበቅሁ።

«የእኔም ልጅ ሄዷል» አለ። «የት እንዳለ አላውቅም። ተቀብለንዎታል።»

ቄሱ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ክስ ሳይነገረኝ ስወጣ ፕሮፌሰሩ ዘንድ የነበረውን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። በዚህ ሳምንት ለአንዲት ፕሮፌሰር ጻፍሁ፤ ሥራዬን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች እንድሰጣት ጠየቀችኝ። እነሱም ተፈትተዋልና የቄሱንና የነጋዴውን ስልክ ሰጠኋት። የተማረ ሰው አጥቼ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

መልሷ እስኪመጣ ሥራ አልፈታሁም። ነገ ወደ ስማዳ እወርዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ ቀበሌውን አስፈቅጃለሁ፣ እርጅና ትንሽ ያስተምራል። የነጋዴው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በዚያ መንገድ ነው።