ዝም ያለ አፍንጫ

አገርነሽ ጣና ዳር ዓሣ መበለት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ቢላዋዋን ይዛ አምባዛ ዓሣ ፊት ስትቀመጥ የሚስተካከላት የለም፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። ሰው ግን የላትም። ማኅበር ስትሄድ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። አንድ ልጇ ወንጌላዊት እንኳ፣ ኮሌጅ ባዮሎጂ የምታስተምረው፣ በወር አንዴ ብቅ ስትል ደጃፍ ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች እንጂ ቤት አትገባም። «ውስጥ ይሞቃል እማዬ» ትላለች። በክረምት!

«ደመወዝ በላችና ኮራችብኝ» ትላለች አገርነሽ ለብቻዋ። በዚሁ ቢላዋ አሳድጋ፣ በዚሁ ቢላዋ አስተምራ! አንዴማ ፊት ለፊት ነገረቻት፤ ልጅቷ አቀረቀረች።

ዘንድሮ እጇን ወለም ብሏት እንፍራንዝ እኅቷ ቤት አንድ ወር ተቀመጠች። ተመልሳ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን እንዳስገባች ወደ ኋላ አለች። ኧረ በስመ አብ! የሞተ ነገር አለ ቤት ውስጥ። አልጋ ሥር ፈለገች፣ ማድቤቱን አገላበጠች፤ ምንም የለም። ብርድ ልብሱን አነሳች፤ እሱ ነው። የማኅበር ነጠላዋን አሸተተች፤ እሱም ነው። ያኔ ገባት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ዓሣ ስትሸት የኖረችው እሷ ነበረች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አልቅሳ ቀና ስትል ሽታው የለም። ደንግጣ ለልጇ ደወለች።

«አንቺ፣ ቤቴ ሲሸት ነበር፤ አሁን ጠፋብኝ!»

ወንጌላዊት አስረዳቻት። «አልጠፋም እማዬ። አፍንጫ ውስጥ ከላይ በኩል የቀጠኑ ነርቮች አሉ። ሽታ ሲመጣ ከነሱ የተወሰኑት አንድ ላይ ለአንጎል ይናገራሉ፤ አንጎልም የትኞቹ እንደተናገሩ ለይቶ ዓሣ ነው፣ ሎሚ ነው ይላል። ሽታው አልሄድ ካለ ግን ያንኑ መደጋገም ይሰለቻቸውና ዝም ይላሉ።»

«አምባዛ በጢሙ ሁሉ ውኃውን ይቀምሳል ስትይኝ አልነበር? እኔ የራሴን ሽታ ማወቅ እንዴት ያቅተኝ?»

«የማንም አፍንጫ እንደዚያው ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ እማዬ?»

«እኔ እኮ ሰው ጠላኝ እያልሁ ኖርሁ» አለች አገርነሽ።

ሦስት ቀን ሙሉ አጠበች። ብርድ ልብሱን፣ ነጠላውን፣ ግድግዳውን ሳይቀር በሳሙናና በሎሚ ፈተገች። ግን ሽታው ጠፍቶ ይሁን አፍንጫዋ ዝም ብሎ፣ በምን ትወቀው? «ነይና አሽትቺልኝ» ብላ ላከችባት።

ቅዳሜ ወንጌላዊት መጣች። ደጃፉን አልፋ ገባች፤ ገብታም አልጋው ላይ ተቀመጠች። የአገርነሽ ልብ ከደስታ ብዛት ሊፈነዳ ደረሰ።

«ጠፍቷል?»

«ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል እማዬ።»

ልጅቷ ስለ ተማሪዎቿ እየሳቀች ታወራ ጀመር። አገርነሽ ውኃ ልትሰጣት ጠጋ ስትል አየቻት። ልጅቷ በአፏ ብቻ ነበር የምትተነፍሰው።

አገርነሽ ያየች አልመሰለችም። በርጩማውን አንስታ ደጃፍ ላይ አወጣችው።

«ነይ ውጭ እንቀመጥ ልጄ» አለች፤ «ውስጥ ይሞቃል።»